ወራባ ደህና ነው

«ያ ጅብሽ ስልክ አያነሳም። ማነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገው?»

እናቴ ይህን የምትለኝ ሁልጊዜ ከቢሮ ለምሳ ልወጣ ስል ነበር። ጅቡ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ሐረር ሸዋ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ ፍሪጅ ይጠብቃል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደህና መሆኑን የሚናገር አጭር መልእክት ወደ እናቴ ስልክ ይልካል። እሷ ደግሞ ሰላም ያለሽን ዝም ማለት ነውር ነው ብላ ትደውልለታለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ቀጥሎ ለእኔ ነው የምትደውለው። «ደህና ነኝ ብሏል። አንቺስ ደህና ነሽ? ምሳ በላሽ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም» እላታለሁ።

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ለምን ደህና ነኝ ይላል?»

«ምሳዬን ልብላ እማዬ» ብዬ እዘጋዋለሁ።

አባቴ ወታደር ነበር። ሐረር ተመድቦ መጣ፣ ሐረር ቀረ፣ መንግሥት ሲለወጥ የደንብ ልብሱን አውልቆ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እናቴ ከጀጎል ግንብ ውጭ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ለብቻዋ አሳደገችኝ። ቁጣዬ የሷ ነው፣ ምላሴም የሷ ነው። ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር ተማርኩና ተመልሼ እዚያው ሐረር አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ቢሮ ውስጥ «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ፣ እኔም ሲነጠፍልኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩበት። ሥራዬ ግን ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ማውጣትና ኃላፊዎች የረሱትን የይለፍ ቃል መቀየር ነበር።

በልቤ ሌላ ነገር ይዤ ነበር የምዞረው። ኮሌጅ እያለን አስተማሪያችን አንድ ቀን ምንም ያልተከፈተበት ኮምፒውተር ፊት ሰበሰቡን። ጽሑፍ የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ ጨዋታ የለ። «ይሄ ማሽን አሁን ምን እየሠራ ነው?» አሉን። «ምንም!» አልን በአንድ ድምፅ። አንዲት ትእዛዝ ጻፉ። ስም በስም ላይ እየተደረበ ወረደ፣ ወረደ፣ ስክሪኑን ሞልቶ አለፈ። አንዱ ሰዓት ይጠብቃል፣ አንዱ የሚመጣ ካለ ብሎ ጆሮውን ጥሏል፣ አንዱ የተጣለውን ይጠርጋል። ማንም አልከፈታቸውም፣ ፊት የላቸውም፣ አመሰግናለሁ የሚላቸውም የለም። «ዲመን ይባላሉ» አሉ አስተማሪያችን። ጋኔን ማለታቸው መስሎኝ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይሳቁ፣ እኔ የምሬን ነበር። ባዶ ነው ያልነው ቤት ለካ ሞልቶ ኖሯል! ያን ቀን ወደ ዶርም ስመለስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ልቤን አዳመጥኩት። ምታ ብዬ አዝዤው አላውቅም፤ ይመታል።

እናቴን ስኳር የያዛት እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ጠዋት ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ቤታችን ግን ፍሪጅ የለም። እንደኛ ያለው ብዙ ስለነበር፣ ሸዋ በር አጠገብ ክሊኒክ ያላቸው አንድ ሐጂ የሰፈሩን የስኳር በሽተኞች መድኃኒት በክሊኒኩ ፍሪጅ ያስቀምጡ ነበር። ሐጂ የጀጎል ተወላጅ ናቸው። ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ክሊኒኳን ከፈቱ። ለማስቀመጫው አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። «አማና ነው» ይላሉ። አማና ማለት አደራ ነው፤ እሳቸው አፍ ላይ ሲሆን ግን ከአደራም ይከብዳል።

ፍሪጁ አማና የሚያውቅ አልነበረም። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ ያብዳል፤ ማቀዝቀዙን የት ላይ ማቆም እንዳለበት ይረሳና ውስጡ ያለውን ሁሉ በረዶ ያደርገዋል። ኢንሱሊን ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆነ በቃ፣ ሞተ። ክፋቱ፣ በረዶው ሲሟሟ ከደህናው ለመለየት ማስቸገሩ ነው። አንድ ጊዜ ክሊኒኩ ተዘግቶ በሰነበተበት በዓል እንዲህ ሆነ። በረደ፣ ተመልሶ ሟሟ፣ ያየ የለም። እናቴ የሞተውን መድኃኒት እንደ ደህና እየተወጋች ሰነበተችና አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች።

ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረኝም። እግዜር ይመስገን ተረፈች። ሐጂ ሊጠይቋት መጥተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና «አማና በላሁ» እያሉ አለቀሱ። እናቴ ክንዷ ላይ መርፌ እንደተሰካ ተነስታ ታባብላቸው ጀመር። «ረመዳን ሳይገባ መላ ካላገኘሁ» አሉ ሐጂ፣ «ለእያንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን እመልሳለሁ። ሌላ ነፍስ በእጄ አይጥፋ።» አዲስ ፍሪጅ መግዛት ያን ጊዜ አቅማቸው አልነበረም። መድኃኒቱ ከተመለሰ ደግሞ እናቴ የት ታስቀምጠዋለች? አልጋ ሥር?

«ሐጂ፣ እኔ ጠባቂ እሠራለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ከአዲስ አበባ የሙቀት መለኪያ ሽቦና መልእክት የሚልክ ሞደም አስመጣሁ። ከጓደኛዬ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለመንኩ፤ ባትሪው ደህና ስለነበረ መብራት ቢሄድም ይቆያል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ጃቫ በሚባለው ቋንቋ ነው። የሐረር ልጅ ሆኜ በሌላ አገር ቡና ስም በተጠራ ቋንቋ መሥራቴን ስነግራት እናቴ በሳቅ ፈረሰች። በዚያ ቋንቋ ሁሉ ነገር ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም ታወጪለታለሽ፣ ሊያውቅ የሚገባውን ታሳውቂዋለሽ፣ ሥራውን ትነግሪዋለሽ፣ ከዚያ ትለቂዋለሽ። እኔ ሁለት ዕቃ ሠራሁ። አንደኛው የፍሪጁን ቅዝቃዜ በትልቅ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ነው። ሁለተኛው ከበስተጀርባ ተቀምጦ ሽቦውን እያነበበ፣ ቅዝቃዜው ከልክ ሲያልፍ ስልካችን ላይ የሚጮኸው ጠባቂ ነው። ኮሌጅ ካየኋቸው ከእነዚያ ፊት ከሌላቸው ፍጥረቶች አንዱን በገዛ እጄ ልሠራ! ስሙንም ዲመን አልኩት።

ልናየው ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ሐጂ፣ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር። ሽቦውን በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩት። ወዲያው የሁላችንም ስልክ ጮኸ። ሲስተር እልል አለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ስመጣ ሽቦውን ብነክር ዝም፣ ብነክር ዝም። ከፍቼ አስነሳሁት፣ ሠራ። ሄጄ ስመለስ ደግሞ ዝም። እኔ አጠገቡ ስሆን ይሠራል፣ ዞር ስል ይሞታል። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ፣ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ምንም። ረመዳን ደግሞ እየቀረበ ነው፤ እናቴ «እንዴት ሆነ ዘበኛሽ?» ስትለኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

መጨረሻ ላይ በሲስተር ላይ ወረድኩባት። «ነካክተሽዋል!»

«እኔ ላፕቶፑ ላይ መንዙማ ልከፍት ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት እንጂ ቤቱን አላፈረስኩ!» አለችኝ። እሷም ምላስ አላት።

«መስኮቱ ቢዘጋ እሱ ምን አገባው? እሱ እኮ ከጀርባ ነው ያለው!»

ሐጂ ጭቅጭቁን ሰምተው ከውስጠኛው ክፍል ወጡ። «ማነው ስሙ ይሄ የምትጣሉበት?»

ሲስተር ቀደመችኝ። «ዲመን ነው የምትለው ሐጂ። በእንግሊዝኛ ጋኔን ማለት ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» ሐጂ ከፍሪጁ ሸሹ። «አንቺ ልጅ፣ ጅኒ ነው አማና ላይ ያሰርሽብኝ?»

«ኧረ ሐጂ፣ ስም ብቻ ነው!»

«ስም ብቻ የሚባል ነገር የለም። ስም ጥሪ ነው። የጠራሽው ይመጣል።»

ደሜ ፈላ። እዚህ ለእናቴ ነፍስ ስንከራተት እሳቸው ስለ ጅኒ ያወራሉ! «እና እናቴ ትሙትልዎ?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም። ሐጂ ግን አልተቆጡም። በርጩማውን ሳብ አድርገው «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ስሙን ተዪውና ሥራውን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ፊት የለውም አልኩ። ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ሰው ሁሉ ዘግቶ ሲሄድ እሱ ሥራ ላይ ነው። ሰው አይነካም፣ ምስጋናም አይጠብቅም። ሐጂ እየሰሙኝ ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈታ አለ።

«ይሄማ ወራባ ነው!» አሉ።

ወራባ በሐረሪ ጅብ ነው። ሌላ አገር ጅብ ሲባል ሰው በሩን ይቀረቅራል፤ እኛ ጋ መግቢያ ብለው ግንቡ ሥር ቀዳዳ ትተውለታል። ከተማው ሲተኛ ገብቶ የተጣለውን ይጠርጋል፣ የጀጎል ሰዎች እንደሚሉትም ጅኒ ካገኘ ይበላል። «ጅኒ የሚበላ እያለልሽ ጅኒ ትጠሪያለሽ?» አሉኝ ሐጂ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ የዕቃውን ስም ወራባ አልኩት።

«አሁን ያ ስም እዚያ ውስጥ የለም?»

«የለም ሐጂ።»

«በእናትሽ ማዪ።»

አልቻልኩም። ቃሏ አንድ መስመር ላይ ቀርታ ነበር። ለእሷ ስም ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም፤ የቋንቋው የራሱ ቃል ናት። «ይህ ዕቃ ዲመን ነው» ብላ ለማሽኑ የምታስታውቅ አጭር መስመር። ከበስተጀርባ የሚያደርገው እሷ ናት፣ የሥራው ነፍስ እሷ ናት ብዬ ነበር የማምነው። «አንድ ቦታ ቀርታለች» አልኳቸው። «እሷን ካወጣሁ ግን መሥራቱን ያቆማል።»

«አሁንስ እየሠራ ነው?» አሉ ሐጂ።

ሲስተር ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ልትደብቅ ነው። እልህ ያዘኝ። እሺ፣ ይበላሽና ይዩት አልኩና መስመሯን አጠፋኋት። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። መስኮቱ መጣ፣ ቁጥሩ ታየ። ሲስተር በዓይኗ ጠርዝ እያየችኝ እጇን ዘርግታ መስኮቱን ዘጋችው። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ሽቦውን በረዶው ውስጥ ነከርኩ።

ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

ከዚያ የሐጂ ስልክ ጮኸ። የሲስተር ተከተለ። የእኔም ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «ሱብሓነላህ!» አሉ ሐጂ። ባዶውን ስክሪን እያየሁ ፀጉሬ ቆመ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ የሚታይ ነገር የለም፣ እሱ ግን አለ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ መማሪያ መጽሐፌን አወጣሁ። ስንት ጊዜ ያለፍኩትን ገጽ አሁን ገና አነበብኩት። በዚያ ቋንቋ ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚቆጠርና የማይቆጠር። ከሚቆጠሩት አንድም እንኳ እስካለ ድረስ ቤቱ ክፍት ይሆናል። የመጨረሻው የሚቆጠር ሰው የወጣ ዕለት ግን ማሽኑ ይዘጋል፤ የማይቆጠሩትን አይጠብቃቸውም፣ ጨርሳችኋል ወይ አይላቸውም፣ ሥራቸውን እንደያዙ ከነሕይወታቸው ይዘጋባቸዋል። ያቺ መስመር «ይህ የማይቆጠር ነው» ማለት ናት። እኔ ሁሉ ሲሄድ የሚቀረው ማለት መስሎኝ፣ ሁሉ ሲሄድ አብሮ የሚሞተው ብዬ ጽፌዋለሁ! የሚቆጠረው መስኮቱ ብቻ ነበር። ሲስተር መንዙማዋን ልትከፍት ስትዘጋው ጠባቂዬም አብሮ ይሞታል። ሐጂ ፈርተው ያስጠፉኝ ቃል የእናቴን መድኃኒት ሊገድል የነበረው ቃል ነው።

እኔ የተማርኩት አላወቅኩም። ሐጂም አላወቁም። ታዲያ ማን አወቀ? በማግስቱ ሄጄ ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ» አሉ። «ፈራሁ እንጂ።» ሲስተርን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ መንዙማውን ከፍ አድርጋ መለሰችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ዝምታ ያስፈራኝ ጀመር። ዝም ያለ ጠባቂ ደህና ይሁን ይሙት በምን ይታወቃል? ስለዚህ ወራባን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ለአንድ ሰው አለሁ እንዲል አደረግኩት። እናቴ «ለእኔ ይላክልኝ» አለች። የሷ ስልክ የአማርኛ ፊደል አያሳይም፣ እሷ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ሁለት ፊደል ብቻ አስተማርኳት፤ ደህና ሲሆን የሚመጣውን «D»ንና፣ ሲበርድ የሚመጣውን «B»ን። «ይሄ ሆዱ አንድ ነው፣ ያኛው ሆዱ ሁለት ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ተሳስታ አታውቅም።

ሐጂ መድኃኒት መመለሱን ተዉት። ረመዳን ገባ፣ ወጣ፣ ወራባ በየቀኑ ሆዱ አንድ ነው።

ከዚያ አንድ ዓርብ መጣ። መሥሪያ ቤቴ ከሐረር ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ላለው ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር እንዳበጅ ልኮኝ ነበር። ምሳ ሰዓት አልፎ ስልኬ ጮኸ። ሆዱ ሁለት! ለሐጂ ደወልኩ፤ ዝግ ነው፣ ጁምዓ ላይ ናቸው። ለሲስተር ደወልኩ፤ ድሬዳዋ ሠርግ ሄዳለች። «ወይኔ ልጅቷ! ቁልፉም እኔ ጋ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ለእናቴ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሳም። መንገድ ላይ ወጥቼ ድንች የጫነ አይሱዙ አስቆምኩ። ሹፌሩ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ «ጅብ» አልኩት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። በጠራራ ፀሐይ ጅብ! ሰውዬው አንዴ አየኝና ነዳጁን ረገጠው። መንገዱን ሁሉ ያ ሆስፒታል አልጋ ነበር የሚታየኝ። የእናቴ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ መድኃኒት ሁሉ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ።

ሸዋ በር ወርጄ ሮጥኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሀላቸው እናቴ። ነጠላዋን አሸርጣ፣ ዣንጥላዋን እንደ ጦር ይዛ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማለች። ከራሷ በላይ የመብራት ቆጣሪው አለ። በሩ ተቆልፎ ስታገኘው፣ ፍሪጁ እንዲቆም ቆጣሪውን አጥፍታዋለች! ቆጣሪው ደግሞ ለጎረቤቱ ጁስ ቤትና ለጸጉር አስተካካዩም የጋራ ነው። ጁስ ቤቱ ይጮኻል፣ ጸጉር አስተካካዩ ይማጸናል፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ አንድ ጎልማሳ ፎጣውን እንዳንጠለጠለ «እናቴ፣ እንዲህ ሆኜ ሚስቴ ጋ ልግባ?» ይላል።

«ሐጂ ከመስጊድ እስኪመለሱ ማንም እዚህ ጋ እጁን አያሳርፍም!» እናቴ ዣንጥላዋን አነሳች። «ጅቡ ሆዱ ሁለት ብሏል!»

ማን ይገባዋል? አብዳለች ብለው ነበር። እኔ ግን ገባኝና እየሳቅኩ አለቀስኩ። ስልኬን ያላነሳችው እጇ ስላልተፈታ ነው።

ሐጂ ከመስጊድ በጥድፊያ መጡ። ስልካቸውን የከፈቱት በር ላይ ነው። በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡና «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ፍሪጁ ውስጥ ሰደዱ። የፍሪጁ ግድግዳ በረዶ ይዟል፣ የመጀመሪያው መደርደሪያ ውርጭ መትቶታል። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሱ አዩአቸው። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ሳይቀር በር ላይ ቆሞ ያያል። «አልረጋም» አሉ። «አንድም አልረጋም። አልሐምዱሊላህ።» ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ፍሪጁ ሞቅ ሲል የእናቴ ስልክ ጮኸ። አየችውና ለሁሉም አሳየች። «ሆዱ አንድ።»

«ማነው የላከው?» አለ የተላጨው።

እናቴ ወደ ጥጉ በዣንጥላዋ ጠቆመች። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ አየ፣ ማንም አልሳቀም። እኔ ደግሞ እንደ ተማሪነቴ ዘመን በስመ አብ አልኩ፤ ሐጂም በበኩላቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሐጂ የተሻለ ፍሪጅ ገዙ፣ እኔም ላፕቶፑን ቀየርኩ፣ ወራባ ግን ያው ነው። እናቴ ሞተች፤ ስኳር አልገደላትም፣ ዕድሜ ነው። ተኝታ ሳለ ነው ያለፈችው። ቀብሯ ላይ አላለቀስኩም። ደርቄ ቀረሁ፣ ሰዎች ታዘቡኝ። በሣልስቷ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከቦርሳዬ ውስጥ የሷ ስልክ ጮኸ። አወጣሁት። ሆዱ አንድ።

እሷ የለችም፤ እሱ ደህና ነኝ ይላታል።

የሟች ስልክ ቻርጅ ማድረግ እንደ እብደት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። አደርግ ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እጠብቀዋለሁ። ያቺ ቃል ከጠፋች ወዲህ የሚቆጠረው ሲወጣ አብሮ አይሞትም። ይኸው የምትቆጠረዋ ሄደች፣ አልሞተም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚይዘኝን ነገር ፍርሃት ይሁን ደስታ እኔም አላውቀውም።

አንድ ቀን ሐጂ አስጠሩኝ። አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አጠገባቸው ከድሬ ጠያራ የመጣች ገበሬ ሴት ተቀምጣለች። ሴት ልጇን ስኳር ይዟታል፣ መድኃኒቱን አማና አስቀምጣለች። ሩቅ ስለሆነች ሐሳብ አላስተኛት ብሏል። «ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «በእናትሽ ቁጥር ፋንታ የእሷን ብታደርጊላት…»

«አይነካም!» አልኩና ጥያቸው ወጣሁ። ቁጣዬ የእናቴ ነው ብያለሁ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ጊዜ መልሼ ደውዬለት አላውቅም። እሷ አንድ ቀን አላስቀረችበትም ነበር። በሷ ስልክ ደወልኩለት። ይጠራል፣ ይጠራል። በመሀል ይቋረጣል። የሴትዮዋን ቁጥር ጨምሬ የእናቴንም ሳልነካ መተው እችል ነበር፤ አስቤበታለሁ። ግን ሰላም ብሎ ዝም የሚባል ፍጥረት አሳዘነኝ። ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ የእናቴን ቁጥር አጥፍቼ የሴትዮዋን ጻፍኩ። ሐጂ ከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ አዩኝ።

በሚቀጥለው ቀን ስድስት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። የእናቴ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ዝም አለ። ያኔ አለቀስኩ። የቢሮዬን በር ዘግቼ፣ ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩትን ሁሉ አለቀስኩ።

የራሴ ስልክ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እህቴ» አለች የድሬ ጠያራዋ ሴት፣ በኦሮምኛ ቅላጼ፤ ቁጥሬንም ሁለቱን ፊደሎችም የሰጧት ሐጂ ናቸው። «መጣ። ሆዱ አንድ ነው። ደህና ነው ማለት ነው አይደል?»

«አዎ፣ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ልመልስለት ብዬ ደወልኩ። አያነሳም።»

«እሱ አያነሳም» አልኳት።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ?»

«ምሳ አልበላሁም» አልኳት።